ባጃጅ ድንገት ሲቆም እርስዎ የት ነዎት?

ከቤቴ ወደ ሥራ በብስክሌት ስመላለስ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መንገዴ እዚህ ጅማ ውስጥ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ተነስቶ፣ በመርካቶ ሰፈር በኩል አልፎ፣ የአዌቱን ወንዝ ይሻገራል። በእነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአንድ የሚኒባስ ረዳት ጋር ለመደባደብ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ከሁለቱ አወዳደቆች አንዱም ከኋላ በመጣ መኪና አይደለም። አንዱን ያመጣብኝ የቆመ መኪና በር ነው፣ ሌላውን ያመጣብኝ እርጥብ ኮብልስቶን።

ይህን የማነሳው ብስክሌት አዲስ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ከኋላ ቢመጣብኝስ?» ብሎ ስለሚጠይቀኝ ነው። የማይታይ ነገር ያስፈራል፣ እውነት ነው። በከተማ ውስጥ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከፊትና ከጎን ነው፤ ያውም ቀድሞ ምልክት ሰጥቶ። ምልክቱን ማንበብ ይለመዳል። እኔ የለመድኩበትን ቅደም ተከተል እነሆ።

1. ከግቢ ሳይወጡ

የፊቱን ፍሬን ጨምቀው ብስክሌቱን ወደ ፊት ይግፉት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ሊነሳ ይገባል። ከዚያ የኋላውን ጨምቀው ይግፉ፤ ጎማው ሳይዞር መንሸራተት አለበት። እጀታው መሪውን እስኪነካ ድረስ የሚጨመቅ ከሆነ ሽቦው ላልቷል፤ ማጥበቁ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን መፋቅ ከጀመረ ግን በዚያ ቀን በእግርዎ ይሂዱ። ጎማውን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ በቀላሉ ከገባልዎ ንፋስ ይፈልጋል። የላላ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ካላማዳሪያውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ይበሳዋል፤ ይህም የሚሆነው ሁልጊዜ ሚኒባስ ከኋላ ሲከተልዎት ነው።

ልብስዎንም ይዩ። ነጠላ፣ ጃለቢያ፣ ረጅም ሂጃብ፣ ሰፊ ሱሪ፣ ሁሉንም ካቴና ይወዳቸዋል። ጫፉን ሰብስበው ይቋጥሩት፤ የቀኝ እግር ሱሪዎን በላስቲክ ይሰሩት። ጀሪካን መሪ ላይ አንጠልጥለው አይንዱ። ውሃው በተወዛወዘ ቁጥር መሪውን ይዞት ይሄዳል፤ ፍሬን በሚይዙበት ሰዓት ደግሞ ጣትዎን ያጣብቅብዎታል። ቦታው የኋላ ዕቃ መጫኛ ነው፤ እሱም በደንብ ታስሮ።

ሄልሜት ካለዎት ግንባርዎን ይሸፍን፤ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቅር። ወደ ማጅራት ሸርተት ብሎ እንደ ቆብ የተደፋ ሄልሜት ጌጥ ነው።

2. ከጠርዙ ጋር አይጣበቁ

የብስክሌት መስመር ባለበት መንገድ በመስመሩ ይሂዱ። ሆኖም ቀለም ግድግዳ አይደለም፤ መኪና አያቆምም። መስመሩ ውስጥ ደግሞ የቆመ ባጃጅ፣ ሸንኮራ አገዳ የደረደረ ሻጭ፣ ስልኩን እያየ የሚሄድ እግረኛ ያጋጥምዎታል። ጠቡ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሾፌሩ «የራሱ መስመር አለው» ብሎ ረስቶዎታል፤ እርስዎ ደግሞ የቆመው ባጃጅ ዘንድ ሲደርሱ በድንገት ወደ ግራ ወጥተው ፊቱ ድቅን ይላሉ። እሱ ያበደ ብስክሌተኛ አየሁ ይላል፣ እርስዎ ጨካኝ ሾፌር አየሁ ይላሉ።

ስለዚህ እንቅፋቱን ከሃያ ሜትር ርቀት ላይ እንዳዩ ይጀምሩ። በግራ ትከሻዎ ላይ ዞረው ወደ ኋላ ይመልከቱ። ክፍት ከሆነ ግራ እጅዎን ዘርግተው ያሳዩ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ይውጡ። ክፍት ካልሆነ ፍጥነትዎን ቀንሰው መኪናው እስኪያልፍ ይጠብቁ። ዞሮ ማየት ልምምድ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው አንገቱን ሲያዞር መሪውም አብሮት ይዞራል። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ሁለት ቀን ይለማመዱት።

መስመር በሌለበት መንገድ ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብለው ይንዱ። ጠርዙ ላይ የተበተነ ጠጠር አለ፣ የተሰባበረ አስፋልት አለ፣ ክዳኑ የጠፋ ቦይም አይጠፋም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ጠርዙን ሲይዙ ሾፌሩ «እዚያው መስመር ላይ አብረን እናልፋለን» ብሎ ማሰቡ ነው። ገባ ሲሉ ግን ሊያልፍዎት ቢፈልግ መሪውን ማዞር እንዳለበት ይገባዋል። አንዳንዱ በክላክስ ያደነቁርዎታል። ይንፋ! ክላክስ የነፋልዎ ሾፌር አይቶዎታል፤ የሚያሰጋው ያልነፋው ነው።

«ያሳጥርልኛል» ብለው በተቃራኒ አቅጣጫ አይሂዱ። ከውስጥ መንገድ ወደ ዋናው ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር የሚያየው መኪና የሚመጣበትን ግራ ጎን ነው። እርስዎ ከቀኙ እየመጡ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ሳይነገር የታወቀ ነው።

3. የቆመ መኪና በር አለው

አንድ ቀን ጠዋት፣ መርካቶ አካባቢ፣ በቆመ ፒክአፕ አጠገብ አልፋለሁ። በጎን ስፖኪዮው ውስጥ የሾፌሩን ክርን አየሁት፤ ተንቀሳቀሰ። ያየሁት ይህንን ብቻ ነው። ትንፋሼን ሳልስብ የበሩ ጫፍ የመሪዬን ቀኝ እጀታ መታውና በግራ ጎኔ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋሁ። ከኋላዬ የነበረ ባጃጅ ፍሬኑን ሲይዝ የጎማው ድምፅ ጆሮዬ ስር ነበር፤ ቀና ስል የፊት ጎማው ከፊቴ አንድ ስንዝር ያህል ቢርቅ ነው። ሾፌሩ ከመኪናው ሲወርድ ይዞት የነበረው ዳቦ አምልጦት በአስፋልቱ ላይ ይንከባለላል። ሰውዬው ከእኔ የበለጠ ደንግጦ ስለነበር ሳልቆጣው ቀረሁ።

ልብ ይበሉ፦ የተመታው ቀኝ እጀታ ነው፣ መሪው ግን ወደ ቀኝ ዞሮ ሰውነቴን ወደ ግራ፣ ማለትም መኪና ወደሚመጣበት ጣለኝ። የበር አደጋ ክፋቱ ይህ ነው። በሩ ብቻውን ያቆስላል፤ የሚገድለው ከኋላ የሚመጣው ነው።

መፍትሔው ርቀት ነው። የተከፈተ በር ወደ አንድ ሜትር ያህል ይዘረጋል፤ ስለዚህ ከቆሙ መኪኖች አንድ ሜትር ተኩል ይራቁ። መንገዱ ጠቦ መራቅ ካልቻሉ ሰው በእግሩ ፈጠን ብሎ በሚሄድበት ፍጥነት ይለፉ። የኋላ መስታወቱን አሻግረው ይመልከቱ፤ ውስጥ ጭንቅላት አለ? የፍሬን መብራቱ አሁን ነው የጠፋው? የፊት ጎማው ወደ ውጭ ዞሯል? ከሦስቱ አንዱን ካዩ በሩ እንደተከፈተ ይቁጠሩት። የብስክሌት መስመሩ በቆሙ መኪኖችና በእግረኛ መንገዱ መካከል ያለፈ ከሆነ ደግሞ ጣጣው በተሳፋሪው በኩል ነው፤ ተሳፋሪ ስፖኪዮ የለውም፣ የማየት ልማድም የለውም።

መኪና ያላችሁ አንባቢዎችም ይህን ውሰዱ። በሩን ከበሩ በሚርቀው እጃችሁ ክፈቱ፤ ሾፌር በቀኝ እጁ ማለት ነው። ቀኝ እጅ ወደ ግራ በር ሲሻገር ትከሻም አብሮ ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር ዐይን ወደ ኋላ ያያል። በብስክሌት በምትታወቀው ኔዘርላንድ የሚመከረው ይኸው ነው፤ ምንም ወጪ የለውም።

4. ባጃጁን ትተው ተሳፋሪውን ይመልከቱ

ጅማ የባጃጅ ከተማ ናት። ባጃጅ ፌርማታ አያውቅም፤ ፌርማታው የተነሳ እጅ ነው። ስለዚህ ከፊትዎ የሚሄደውን ባጃጅ ብቻ አፍጥጠው እያዩ ከነዱ ይዘገያሉ። ዐይንዎን ወደ እግረኛው መንገድ ይላኩት። ፌስታል ይዛ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ጠጋ ያለች ሴት፣ እጁን ያነሳ ተማሪ፣ አንገቱን አስግጎ መንገድ የሚያይ ሰው ካዩ፣ ባጃጁ ገና ሳያስበው እርስዎ ቆሟል ብለው ይዘጋጁ። ጣቶችዎ ፍሬን ላይ ይሁኑ፤ በመካከላችሁ ቢያንስ የሁለት ባጃጅ ርዝመት ይኑር።

ሚኒባስም እንዲሁ ነው፤ እሱ ግን ያስጠነቅቃል። ከውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል ከሰሙ ወይም ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ቀኝ ካየ፣ መኪናው በሰከንዶች ውስጥ መስመርዎን ቆርጦ ወደ ዳር ይገባል። ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የሚነዳ ሰው ይህ ሁሉ ነጻ መረጃ ያመልጠዋል።

አሁን ዋናው ሕግ፦ በቆመ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ቀኝ በኩል፣ በእሱና በእግረኛ መንገዱ መካከል፣ በምንም ምክንያት አይለፉ። ተሳፋሪው የሚወርደው እዚያ ነው። የብስክሌት መስመሩ እዚያ ቢሆንም፣ መብቱ የእርስዎ ቢሆንም አይለፉ። ከኋላው ቆመው ይጠብቁ፤ ወይም ወደ ኋላ አይተው፣ እጅ አሳይተው፣ በግራ ይለፉ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ እጠብቃለሁ። ሳንቲም መልስ ላይ ክርክር ካልተነሳ በቀር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ሐሙስ በገበያ ሰዓት በሄርማታ፣ ዓርብ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዶች አካባቢ፣ ከብስክሌትዎ ወርደው እየገፉ ይሂዱ። ጊዜ የሚያተርፉ መስሎዎት ቢነዱ እንኳን አያተርፉም።

5. መታጠፊያ ላይ ጎማውን ይመኑ

ፍሬቻ ይዋሻል። አንዱ ሳያበራ ይታጠፋል፣ ሌላው ከአጋሮ ጀምሮ ሳያጠፋው ይመጣል። የፊት ጎማ ግን አይዋሽም፤ መኪናው ሊታጠፍ ሲል መጀመሪያ የሚዞረው እሱ ነው። መስቀለኛ መንገድ ሲቃረቡ የጎንዎን መኪና የፊት ጎማ ይመልከቱ።

ወደ ቀኝ መታጠፊያ ባለበት ቦታ በመኪና ቀኝ ጎን ተሽሎክሉከው አይለፉ። ቀጥ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ከመታጠፊያው በፊት ከመኪናው ኋላ ይሰለፉ፤ መስመሩ መሃል ላይ። አደባባይ ላይም እንዲሁ፦ ዳር ዳሩን ይዘው የሚዞሩ ከሆነ የሚወጣው መኪና ሁሉ ይቆርጥዎታል። መሃሉን ይዘው፣ መውጫዎ ሲደርስ ቀኝ እጅዎን አሳይተው ይውጡ። ሾፌሩን ዐይን ለዐይን ይዩት። ፊቱን ካዩት፣ እሱም ካየዎት፣ ግማሹ ሥራ አለቀ።

6. አይሱዙና ተሳቢ

የቡና ወቅት ሲደርስ በአጋሮና በቦንጋ በኩል የሚገባው ጭነት ይበዛል። ለከባድ መኪና አንድ መለኪያ ይበቃዎታል፦ የሾፌሩ ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካልታየዎት እርስዎም አልታዩትም። በተለይ የቀኝ ጎኑና ከአፍንጫው ስር ያለው ቦታ ለሾፌሩ ጨለማ ነው። ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል፤ በመኪናውና በጠርዙ መካከል ያለ ሰው መውጫ የለውም። መብራት ላይ ወይም ጭንቅንቅ ውስጥ አጠገቡ ከመቆም ወደ ኋላ ይቅሩ። ዳገት ላይ የመኪና ኋላ ይዘው በብስክሌት የሚጎተቱ ልጆችን ካያችሁ ደግሞ እባካችሁ ተቆጧቸው፤ የማንም ልጆች ቢሆኑ።

7. ዝናብና ቁልቁለት

በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚወርድባት ከተማ «ዝናብ ሲያባራ እነዳለሁ» ማለት ክረምቱን ሙሉ ቤት መቀመጥ ነው። ስለዚህ በእርጥብ መንገድ መንዳት ይማሩ። በቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ ወዲያው አይዝም፤ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት። ከማቆምዎ አስቀድመው ፍሬኑን በስሱ ነካ ነካ እያደረጉ ቸርኬውን ያድርቁት።

የሚያንሸራትቱት እርጥብ ኮብልስቶን፣ የዜብራው ነጭ ቀለም፣ የብረት ክዳንና ከውስጥ መንገድ ጎማ ይዞት የወጣ ቀይ ጭቃ ናቸው። በእነዚህ ላይ ሲደርሱ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ አይታጠፉ፣ ፍሬን አይያዙ። የሚያስፈልገውን ፍጥነት ሁሉ ከመድረስዎ በፊት ይቀንሱ። እኔ የወደቅሁት ኮብልስቶኑ ላይ እየታጠፍኩ የፊቱን ፍሬን በመያዜ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ለእርጥብ ድንጋይ በዛበት። ውሃ የተኛበትን ጉድጓድ ጥልቀቱን ስለማያውቁት አይግቡበት፤ ሾፌሮችም እሱን ለመሸሽ ወደ እርስዎ እንደሚመጡ አስቀድመው ይገምቱ።

ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ መውረድ ደስ ይላል። የጠዋቱ አየር፣ ከታች የተዘረጋው ከተማ፣ ፔዳል ሳይመቱ መክነፍ። ሒሳቡን ግን ይያዙት፦ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአንድ ሰከንድ ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳሉ፤ በ40 ደግሞ ከአሥራ አንድ ሜትር በላይ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዘው ለመቆም የሚያስፈልግዎት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ደንግጠው ፍሬን እስኪይዙ የሚያልፈው ሰከንድ ገና አልተቆጠረም። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ፣ ቀስ በቀስ ይያዙ፤ ሰውነትዎን ወደ ኮርቻው ኋላ ሸሸት ያድርጉ።

8. ሲመሽ

ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት። መብራት ከጠፋ መንደሩ ሁሉ አንድ ጥቁር ነገር ይሆናል፤ እርስዎም ከዚያ ውስጥ ነዎት። ገንዘብ ካጠረዎት የሚያንፀባርቅ ፕላስተር ገዝተው ፔዳሉና ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ይለጥፉ። ከፍ ዝቅ የሚል ብርሃን ያየ ሾፌር ብስክሌተኛ መሆኑን ወዲያው ይለየዋል፤ ደረት ላይ ያለ ሰደርያ ከሩቅ የቆመ ሰው ይመስላል።

9. ጠብ ሲነሳ

አዌቱ ድልድይ አካባቢ አንድ ሚኒባስ ጠርዝ ላይ አጣበቀኝና ቆመ። በንዴት የመኪናውን ጎን በመዳፌ መታሁት። «ዷ!» አለ፤ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። ረዳቱ ወርዶ ኮሌታዬን ያዘ። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ መሃላችን ገቡና ሾፌሩን፣ «ልጄ፣ አይተኸው ነበር?» አሉት። «አላየሁትም አባባ» አለ። ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተስ፣ እንዳላየህ አውቀህ ነበር?» አሉኝ። አላወቅሁም ነበር። እንደ ናቀኝ ነበር የቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። መኪና አልመታም፣ ፊቱ አልቆምም። ሾፌሩን ማናገር ካለብኝ መጀመሪያ ብስክሌቴን ከመንገድ አወጣለሁ፤ ከዚያ ሰላምታ አቀርባለሁ። ሰላም የተባለ ሰው በስድብ ለመመለስ ይቸገራል። በዕድሜ ከበለጠኝ «ጋሼ»፣ እኩያዬ ከሆነ «ወንድሜ» እላለሁ፤ በመንገድ ላይ ድምፅ ማሰማት ካስፈለገም በአፋን ኦሮሞ «ኦቦሌሳ፣ ሱታ!» ማለት፣ ወንድሜ ቀስ በል እንደማለት ነው፣ ከማንኛውም ስድብ ይልቅ ፍሬን ያስይዛል። የሚነገረውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ «በቀኝህ ነበርኩ፣ አልታየሁህም መሰለኝ።» የመንዳት ችሎታውን አይገምግሙ። ሆን ብሎ የሚያስፈራራ፣ እየተከተለ የሚያጣብቅ ሾፌር ካጋጠመዎ አይከራከሩ፤ ወደ እግረኛ መንገዱ ወጥተው ይቁሙ፣ ሰሌዳውን ከነኮዱ ይያዙ፣ ለትራፊክ ፖሊስ ያመልክቱ።

10. ከተገጩ

ዘለው አይነሱ። አንገትዎን ወይም ጀርባዎን ካመመዎ ባሉበት ይቆዩ፤ ሰዎች በደግነት ጎትተው ሊያነሱዎት ይሞክራሉና «አትንኩኝ» ይበሉ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ መኪና ያስቁምልዎ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መንቀሳቀስ ከቻሉ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የአደጋውን ቦታና የሁለታችሁን አቋም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ሳይለካ መኪናውም ብስክሌቱም አይነሱ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ እንዳለው ያረጋግጡ፣ የመድን ድርጅቱንም ስም ይያዙ። ያዩ ሰዎችን ስልክ ይቀበሉ፤ አሁን ከብበው የሚያወሩት ሁሉ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አይገኙም። ገጭቶ ያመለጠ ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የመድን ፈንድ አለ፤ ለእሱም የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሾፌሩ ኪሱ ገብቶ «በቃ እንስማማ» ሊልዎ ይችላል። ሰው ሆኖ ያዘነ ይሆናል፤ ቢሆንም ሳይታከሙ አይስማሙ። የአጥንት ስንጥቅና የጭንቅላት ጉዳት በዚያች ሰዓት ላይታመም ይችላል። ጭንቅላትዎ ከተመታ በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ብቻዎን አይሁኑ፤ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። የሕክምና ደረሰኞችን አንድ ላይ ያስቀምጡ።

የወደቀ ሄልሜት ደህና ቢመስልም ይጣል፤ ውስጡ አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አያድንም። ብስክሌቱንም ጎሚስታ ሳያየው አይውጡበት። የፊት ጎማውን አንስተው ሲያሽከረክሩት ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወይም ጎማውን የያዘው ሹካ ወደ ኋላ ጎበጥ ብሎ ፔዳሉ ላይ ያለ የጫማዎ ጫፍ ጎማውን የሚነካ ከሆነ፣ ተጣሟል። የእኔ እንዲያ ሆኖ ጎሚስታው በመዶሻ ሊያቃናልኝ ፈልጎ ነበር። በመዶሻ የተቃና ሹካ ቁልቁለት ላይ ይሰበራል፤ እምቢ ብዬ ሌላ ገዛሁ።